ከጠገራው ዕንቁ እስከ ኖቱ ክር፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሐሰተኛ ገንዘብ የመለየት ታሪክ

ሐሰተኛ ገንዘብን ከእውነተኛው መለየት በኢትዮጵያ የወረቀት ብር ከመምጣቱ በፊት የነበረ ዕውቀት ነው። የባንክ ሠራተኛ ሙያ ከመሆኑ አስቀድሞ የጨው ነጋዴው፣ የከብት ነጋዴው፣ እህል ሻጯና አንጥረኛው በየዕለቱ ይሠሩበት ነበር። በስምጥ ሸለቆ መስመር የተዘረጉት አዳማ፣ ሞጆ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ለዚህ ዕውቀት ታሪክ ጥሩ ማሳያ ናቸው። አብዛኞቹ በባቡር ሐዲድና በመኪና መንገድ ዳር ያደጉ የመተላለፊያ ከተሞች ስለሆኑ፣ በገበያቸው ሻጭና ገዢ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። በአንድ መንደር ውስጥ ሐሰተኛ ገንዘብ የሰጠ ሰው በማግስቱ ተፈልጎ ይገኛል፤ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሞያሌ የሚያልፍ መንገደኛ ግን ሲመሽ ሌላ ከተማ ገብቶ ያድራል። ስለዚህ በእነዚህ ገበያዎች ገንዘቡ የሚመረመረው እዚያው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው።

ከብር አስቀድሞ ያገለገለው አሞሌ ጨውም መመርመር ነበረበት። አሞሌ በአፋር ዝቅተኛ ምድር ካለው የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል። መጠኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም ስላልነበረው ተቀባዩ ርዝመቱን በዓይኑ ይለካል፣ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፣ ጠርዙ አለመሸረፉንና መሐሉ አለመሰንጠቁን ያያል። የተሸረፈ አሞሌ ከሙሉው ያነሰ ዋጋ ያወጣል። እዚህ ላይ ማጭበርበር ማለት ሌላ ነገር አስመስሎ መሥራት አልነበረም፤ ከእውነተኛው ላይ ጥቂት እየፋቁ ማስቀረት ነበር። አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከብር ጎን ለጎን ሲገበይበት ቆይቷል።

የመለየት ጥበብ እጅግ የረቀቀው ግን በጠገራ ብር ዘመን ነው። ጠገራ ብር የሚባለው የኦስትሪያዋን ንግሥት ማርያ ቴሬዛን ምስል የያዘው የብር ሳንቲም ነው። ንግሥቲቱ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመቱት ሳንቲሞች ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዙ ቀሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም። ሌላ ዓመት የተጻፈበት ወይም ሌላ ንጉሥ የታተመበት ሳንቲም የብሩ ጥራት እኩል ቢሆን እንኳ በገበያው እንግዳ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሸዋና ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች ምርመራው ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር በመገረም ጽፈዋል። ባላገሩ ጠገራውን ተቀብሎ በመጀመሪያ የሚያየው በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ነው፤ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። ቀጥሎ በትከሻዋ ላይ ያለው ክብ ጌጥ ነጥቦቹ ሳይጠፉ መታየታቸውን ያረጋግጣል። ከምስሉ ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስና ኤፍ፣ ጎልተው መነበብ አለባቸው። ፊደላቱ የሁለት የጥንት የማተሚያ ቤት ሹማምንት የስም ምልክት መሆናቸውን የሚያውቅ ገበሬ አልነበረም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። እነዚህ ምልክቶች የተፋቁበት ሳንቲም ሙሉ ክብደት ቢኖረውም ይመለሳል ወይም በቅናሽ ይወሰዳል።

ይህን ጥንቃቄ አንዳንድ ተጓዦች እንደ ግትርነት ቆጥረውታል። ፍርዳቸው ትክክል አልነበረም። ጥቃቅኖቹ ነጥቦች ቀድመው የሚያልቁት ሳንቲሙ ብዙ ሲታሽ ነው፤ በሸክላ ወይም በአሸዋ ቅርጽ ቀልጦ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲም ላይም ቀድመው የሚደበዝዙት እነርሱው ናቸው። ዕንቁ የሚቆጥረው ገበሬ ስለ ማቅለጥ ጥበብ ባይማርም ሐሰተኛ ሠሪው የሚወድቅበትን ቦታ በልምድ አግኝቶታል። ዛሬ የገንዘብ ኖት መርማሪ በአጉሊ መነጽር የሚያየው ያንኑ፣ አስመሳዩ ሊደርስበት የማይችለውን ጥቃቅን ዝርዝር ነው።

ከዓይን ሌላ የጆሮ ምርመራ ነበር። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። እንዲህ ያለ ሳንቲም ድንጋይ ላይ ሲወረወር ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። እርሳስ የተቀላቀለበት ግን ደንቆሮ ድምፅ ያወጣል። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከነጌጡ ተቀርጿል፤ ይህም ጠርዙን እየፋቀ ብር የሚሰበስበውን ሰው ያጋልጣል። የመጨረሻው ፍርድ የአንጥረኛው ነበር። ጠገራን እያቀለጠ መስቀል፣ ቀለበትና አምባር የሚሠራ ሰው የብሩን ጥራት በእሳት ስለሚያይ፣ ገበያ ውስጥ ጥርጣሬ ሲነሳ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን ምስልና አንበሳ የያዘ ብር በፓሪስ አስመትተው ለማሠራጨት ሞክረዋል። ክብደቱም ጥራቱም ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ነበር፤ ሆኖም ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም። ሰው የሚያምነው መለየት የሚችለውን ገንዘብ ነውና።

አዳማ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በአዋሽ ሸለቆ ላይ ያሉት ጣቢያዎች መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማና ሞጆ የንግድ መናኸሪያ መሆን ጀመሩ። ጠገራ ብርም በብዛት ወደ አገር የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነበርና፣ የገንዘቡና የዕቃው መንገድ አንድ ሆነ። ከአርሲ የሚወርደው እህልና ከብት ከባሕር ከመጣው ጨርቅና ዕቃ ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያ ስለነበር፣ ጠገራን ማንኳኳትና ዕንቁ መቁጠር የጣቢያ ገበያ ልማድ ሆነ።

የመጀመሪያው የወረቀት ገንዘብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ጀማሪ ነበር። የካቲት 8 ቀን 1898 ዓ.ም. የተከፈተው አቢሲኒያ ባንክ ከ1907 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኖቶች አወጣ። ኖቱ በባንኩ መስኮት በብር ሳንቲም የሚመነዘር የተስፋ ቃል ነበር፤ ቅርንጫፍ የነበረው ግን በጥቂት ከተሞች ብቻ ነው። ባንክ በሌለበት ገበያ ወረቀት የያዘ ሰው ማንኳኳት አይችል፣ ማቅለጥ አይችል፣ እውነተኛነቱን የሚጠይቀውም ሰው የለም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አቢሲኒያ ባንክን የተካው የኢትዮጵያ ባንክ አዳዲስ ኖቶች ቢያወጣም አገር ቤት ያለው ሕዝብ ብሩን መምረጡን አልተወም።

ከዚያ የመጣው የጣሊያን ወረራ የገንዘብን እውነትና ሐሰት እጅግ አወሳሰበው። የሙሶሊኒ መንግሥት ጦርነቱን ከመክፈቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የማርያ ቴሬዛን መምቻ ከኦስትሪያ አግኝቶ ጠገራ በሮም ማስመታት ጀመረ። ሊሬ ለማስለመድ የሚደረገው ግፊት ባላገሩን እንደማያሳምን ገብቶት ነበር። የጣሊያንን ብቸኛ መብት ያልተቀበሉት እንግሊዝና ፈረንሳይም በለንደንና በፓሪስ ያንኑ ሳንቲም መቱ፤ በኋላ ብራስልስና ቦምቤይ ተጨመሩ። ሁሉም 1780 የሚል ዓመት ይዘዋል፣ የብር ጥራታቸውም ያው ነው። እነዚህን ሐሰተኛ ማለት ይቻላል ወይ? የሕግ ሰዎች ተከራክረውበታል፤ ገበያው ግን ዕንቁውን ቆጥሮ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ብሩ ትክክል ከሆነ ተቀበለ። በዚህ ጉዳይ የገበያው ፍርድ የበለጠ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ተቀባዩ በሳንቲሙ ውስጥ የሚፈልገው ብር ሙሉ ነበርና።

ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ጠገራና ሌላም ገንዘብ ተደባልቆ ሲሠራ ቆይቶ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል የያዙ አዳዲስ ኖቶች ወደ ገበያ አስገባ። ኖቶቹ የታተሙት በአሜሪካ ነው። ከእነርሱ ጋር የወጣው፣ በተለምዶ ሽልንግ የሚባለው 50 ሳንቲም ከብር መሠራቱ በአጋጣሚ የሆነ አልነበረም፤ ወረቀት የማያምነው ሕዝብ ቢያንስ በእጁ የሚያንኳኳው ነገር እንዲኖረው ታስቦ ነው።

በስምጥ ሸለቆው ወረቀት ብርን ያስለመደው ግን ከሁሉም በላይ ደመወዝ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ከአዳማ አጠገብ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ የሸዋ ፋብሪካ ቀጠለ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ መተሐራ። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ለሸንኮራ ቆረጣ የሚመጣው ሠራተኛ ክፍያውን የሚቀበለው በኖትና በሳንቲም ነው። በደመወዝ ሰሞን ከወንጂ እስከ አዳማ ያለው ገበያ በአዳዲስ ኖቶች ይሞላል፤ ወረቀት ገንዘብን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ቀለሙን፣ መጠኑንና የወረቀቱን ጥንካሬ ይለምዳል። ወደ አገሩ ሲመለስም ይህን ዕውቀት ይዞ ይሄዳል።

የዚህ ዕውቀት መነሻ የወረቀቱ ባሕርይ ነው። የገንዘብ ወረቀት የሚሠራው እንደ ደብተር ወረቀት ከእንጨት ሳይሆን በዋናነት ከጥጥ ነው። ስለዚህ ሲያሹት ይንሿሿል፣ ቢታጠፍ ቶሎ አይቀደድም፣ ውሃ ቢነካው አይበታተንም። ዋናው ሥዕልና ጽሑፍ የሚታተመው በተቀረጸ ብረት ላይ ቀለም ሞልቶ በከባድ ጭነት ወረቀቱን በመጫን ስለሆነ፣ ቀለሙ ከፍ ብሎ በጣት ይዳሰሳል። የውሃ ምልክት የሚባለው ምስል በቀለም የተሳለ አይደለም፤ ወረቀቱ ገና እርጥብ ሳለ አንዳንድ ቦታው እንዲሳሳ፣ አንዳንዱ እንዲወፍር ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ኖቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብቻ ይገለጣል። የደህንነት ክሩም በወረቀቱ ሆድ ውስጥ የተቀበረ ነው። ሐሰተኛ ሠሪ ምስሉን በፈዛዛ ቀለም፣ ክሩን በብልጭልጭ መስመር ከላይ ሊያስመስል ይችላል፤ ግን ያኔ ምልክቱ ወደ ብርሃን ሳይያዝም ይታያል፣ ይህም ራሱ ያጋልጠዋል።

ደርግ ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የንጉሡን ምስል የያዙትን ኖቶች ሽሮ 1፣ 5፣ 10፣ 50 እና 100 ብር አወጣ። የለውጡ ምክንያት በዋናነት ፖለቲካዊና ኢኮኖሚያዊ ቢሆንም ለገበያው አዲስ ትምህርት ነበር፤ ሰው የለመደውን መልክ ረስቶ ሌላ መልመድ ነበረበት። ገንዘብ በተቀየረ ቁጥር ለሐሰተኛ ሠሪ ምቹ የሚሆነው ይህ የመለማመጃ ጊዜ ነው። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ ስታወጣ ኢትዮጵያም ኖቶቿን ቀየረች። ሴት መሶብ ስትሰፋ የሚያሳየው 10 ብርና ፋሲል ግንብ ያለበት 50 ብር ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን ዓለምን ያስጨነቀ ሌላ ነገር ተፈጥሮ ነበር፤ ባለቀለም ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ስካነርና ፕሪንተር። ቀድሞ ሐሰተኛ ኖት ለመሥራት ቀራጭ፣ ማተሚያና ብዙ ወራት ያስፈልግ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲካሄድ ናዚ ጀርመን የእንግሊዝን ፓውንድ ለማስመሰል በዛክሰንሃውዘን ካምፕ ብዙ እስረኞችን በሥራው ላይ አሰማርታለች። ኮምፒውተር ግን ሥራውን ወደ አንድ ክፍል አወረደው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ1990ዎቹ አጋማሽ በ50 እና በ100 ብር ላይ የሚያብረቀርቅ ሆሎግራም መጨመሩ የዚህ ዓለም አቀፍ ሩጫ አካል ነው። ኮፒ ማሽን ቀለምን ይገለብጣል፤ ኖቱ ሲዘነበል የሚለዋወጥ ብርሃንን ግን አይገለብጥም። ሰነፍ ሐሰተኛ ሠሪም አንድ ኖት ደጋግሞ ስለሚገለብጥ ሁሉም አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። በአንድ እስር ውስጥ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተገኘ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ምልክቱ እየረቀቀ መሄዱ ብቻውን መከላከያ አለመሆኑን በ2000 ዓ.ም. የታየው የወርቅ ጉዳይ አስመስክሯል። ለብሔራዊ ባንክ ወርቅ ተብሎ የቀረበው የተወሰነ ክምችት በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኘ፤ የታወቀውም ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ሲመለስ ነው። ጠገራ የሚያንኳኳ ባላገር የማያልፈውን ነገር ትልቅ ተቋም አሳልፎታል። መፈተሻ መኖሩና መፈተሽ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መቀየራቸውና የ200 ብር ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ መውጣቱ ተገለጸ። ከምክንያቶቹ መካከል ከባንክ ውጭ የተከማቸ ገንዘብ፣ ኮንትሮባንድና ሐሰተኛ ኖት ይገኙበታል። የመቀየሪያው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በመቂና በባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ አምራች፣ በሻሸመኔ ከብት የሚነግድ፣ በአዳማ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ሁሉ በእነዚያ ወራት ሁለት ዓይነት መልክ በአንድ ጊዜ መለየት ነበረበት። አዲሶቹ ኖቶች ከወጡ ብዙም ሳይቆይ በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች ፎርጅድ 200 ብር መያዙ መሰማት ጀመረ። የሚጠበቅም ነበር፤ ትልቁ ኖት ለአስመሳዩ የበለጠ ያተርፋል፣ ሕዝቡም ገና አልለመደውም።

የፎርጅድ ብር አስተላላፊዎች ዘዴ በእነዚህ ከተሞች ከገበያው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ በእስር መሐል መክተት ነው፤ ላይና ታች እውነተኛ ኖት፣ መሐሉ ሐሰተኛ። ይህ በከብት ገበያ የሚሠራው በሬ በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ ብር ስለሚሸጥና ግርግር ስላለ ነው። ሌላው በምሽት በትልቅ ኖት ትንሽ ነገር ገዝቶ መልሱን እውነተኛ ገንዘብ ይዞ መሄድ ነው፤ ተጎጂዋ ብዙ ጊዜ የጉልት ነጋዴ ወይም የመንገድ ዳር ሻይ ቤት ባለቤት ናት። የረጅም መንገድ ሾፌሮች በሚያልፉበት መስመር ደግሞ የዶላር ማጭበርበር አለ፦ ጥቁር ወረቀት «ታጥቦ» ዶላር እንደሚሆን እያሳዩ፣ ቀድመው ያዘጋጁትን አንድ እውነተኛ ኖት በፈሳሽ አጥበው ያሳምናሉ፣ ለኬሚካሉ ተብሎ ብዙ ብር ይቀበላሉ። ዶላር ከወረቀት ታጥቦ አይወጣም፤ ይህን በግልጽ መናገር ዛሬም ያስፈልጋል።

በባንክ መስኮት ምርመራው በአብዛኛው የማሽን ነው። ገንዘብ ቆጣሪው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወረቀቱን ያያል፤ የኖት ወረቀት በዚህ ብርሃን ጨለም ብሎ የተቀበሩት ምልክቶች ብቻ ሲያበሩ፣ የደብተርና የፕሪንተር ወረቀት ግን ማንጪያ ስለተጨመረበት ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል። ልምድ ያለው ገንዘብ ያዥ ግን ማሽኑ ከመጮሁ በፊት በጣቱ ያውቃል። በቀን ብዙ ሺህ ኖት የሚቆጥር ጣት ልሙጥ ወረቀት ሲያገኝ ይቆማል፤ ዕንቁ የሚቆጥረውን የጥንቱን ገበሬ ዕውቀት የወረሰው ይኸው ጣት ነው።

ሕጉ ሐሰተኛ ገንዘብን ከከባድ ወንጀሎች ተርታ ያስቀምጣል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም መሥራትን፣ እውነተኛውን መለወጥን፣ ከውጭ ማስገባትንና ማሠራጨትን ለይተው ይቀጣሉ። ጥበቃው ለኢትዮጵያ ብር ብቻ ሳይሆን ለውጭ አገር ገንዘብም ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1929 በጄኔቫ ከተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት መንፈስ ጋር ይስማማል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ሳያውቅ ሐሰተኛ ኖት የተቀበለ ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ካወቀ በኋላ ኪሳራውን ለማካካስ ለሌላ ሲያስተላልፍ ግን ተጠያቂ ይሆናል። ባንክ ያገኘውን ሐሰተኛ ኖት ያስቀራል እንጂ ለባለቤቱ አይመልስም፣ በምትኩም እውነተኛ አይሰጥም። ስለዚህ ሙሉው ጉዳት የሚያርፈው መጨረሻ ላይ በተገኘው ሰው ላይ ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የመመርመሪያ መሣሪያ የሌለው ትንሽ ነጋዴ ነው።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንክ የስልክ ክፍያዎች ከተስፋፉ ወዲህ በአዳማ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ኖት ቀንሷል። ሐሰተኛነት ግን ወደ ስልኩ ተከትሏል፤ ያልተላከ ገንዘብ ተልኳል የሚል የተቀነባበረ መልዕክት አሳይቶ ዕቃ ይዞ መሄድ አዲሱ ፎርጅድ ነው። ምርመራውም እንደ ቀድሞው ነው፦ ገዢው የሚያሳየውን ስልክ ትቶ ገንዘቡ በራስ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ማየት።

በአዳማ፣ በመቂና በሻሸመኔ የገበያ ቀን ባንኮች በከብትና በአትክልት ተራው አጠገብ አንድ ማሽንና አንድ ሠራተኛ ቢያስቀምጡ፣ ብሔራዊ ባንክም የኖቶቹን ምልክቶች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በገበያው በር ላይ ቢለጥፍ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን ዓመት ሙሉ ያደለበውን በሬ በአንድ ጠዋት በወረቀት የሚለውጠውን ገበሬ ነው። እስከዚያው ድረስ ሻጭ ሁሉ ኖቱን በቀን ብርሃን ይቀበል፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ የውሃ ምልክቱንና ክሩን ይይ፣ በጣቱ ይዳስስ፣ እስሩን ፈትቶ አንድ በአንድ ይቁጠር፤ የበሬውን ገመድ የሚያስረክበውም ከዚያ በኋላ ይሁን።